የዘገየው ምት

ጥሪው ሲመጣ አባ ምሰሶ በእንብርክኩ እየዳኸ ነበር። በግራ እጁ እርጥቡን ግድግዳ እየዳበሰ፣ በቀኙ መዶሻውን ደረቱ ላይ አጣብቆ፣ በጨለማው ውስጥ የሚንቀጨቀጨውን የውሃ ቧንቧ ፍለጋ ሄደ። ቧንቧው ከጉድጓዱ አፍ እስከ እነሱ ድረስ የተዘረጋ ብረት ነው። ውጭ ያሉት ሰዎች በየሰዓቱ አከታትለው ይቀጠቅጡታል። ትርጉሙ ሌላ አይደለም፤ በሕይወት ያላችሁ ስንት ናችሁ ነው።

አባ ምሰሶ ቧንቧውን በመዳፉ ያዘው። ጥሪው እስኪያበቃ ጠበቀና መታ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።

ከዚያ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጠፈ። አሁን ተራው የታችኛው ዋሻ ነው። ያው ቧንቧ መገንጠያው ላይ ለሁለት ተከፍሎ ወደዚያም ስለሚወርድ የአንዱ ምት ለሌላው ይሰማል።

መጣ። አንድ። ሁለት። ትንሽ ቆየና ሦስት።

«ሦስቱም አሉ» አለ አባ ምሰሶ። ፊቱ ባይታይም ፈገግታው ከድምፁ ይሰማ ነበር። «የሚመታው ልጄ ነው።»

«በምን አወቁ?» አለ ከጨለማው ውስጥ ባለፈረሱ።

«የመጨረሻዋን ያዘገያታል። ገና ስድስት ዓመቱ ሳለ ምስማር ያስመታሁት እኔ ነኝ። ለጣቱ እየፈራ የመጨረሻዋን ምት ሁልጊዜ ያመነታባት ነበር። ይኸው ጢም አውጥቶ፣ ሚስት አግብቶ፣ ዛሬም ያው ነው።»

«እንግዲያው ጣቱ ደህና ነው» አለ ባለፈረሱ፤ ሁለቱም በጉሮሯቸው ሳቁ። ጮክ ብሎ መሳቅ አየር ይጨርሳል።

ዘመኑ ብረት የተጠማበት ዘመን ነበር። ሐዲዱ በየቀኑ ይረዝማል፤ ከሸለቆው ግርጌ ያለው ማቅለጫ ቀን ከሌት ይጮኻል። ከሰል ሁሉ ደግሞ ለዚህ አይሆንም። የሌላው ቦታ ከሰል ነዶ አመድ ነው። ሥልሳ ሰው የማይሞላት የዚህች ጉድጓድ ከሰል ግን ምድጃ ውስጥ ታፍኖ ሲጋገር ያብጣል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ኮክ የሚሉት ጠንካራ ግራጫ ነገር ይሆናል፤ ብረት የሚያቀልጠው እሱ ነው። የኮክ ምድጃ አንዴ ከተለኮሰ አይጠፋም። ከቀዘቀዘ ጡቡ ይሰነጠቃል፤ ጡቡ ከተሰነጠቀ አርባውም ምድጃ አበቃለት፤ ያኔ ሸለቆው በሙሉ ጦሙን ያድራል። ስለዚህ ወደ ጉድጓዱ የሚመጣው ትእዛዝ ዘወትር ያው ነበር፤ ጨምሩ።

ጨመሩ። በላይኛውና በታችኛው ዋሻ መካከል ጣሪያውን እንዲሸከም የተተወውን የከሰል ግድግዳ እየላጡ አሳሱት። አባ ምሰሶ ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጣሪያ የሚደግፉ ግንዶችን ሲያቆም ኖሯል። ግንድ ከመሰበሩ በፊት ያቃስታል። በዚያ ሳምንት ሲያቃስቱ ሰምቶ ለካቦው ነገረው። ካቦው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። «ምድጃው እኮ አይጠብቅም፣ አባ» ብሎ ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርጎት ሄደ። ትናንት ጠዋት፣ ሰዉ ገና ሥራ ከመጀመሩ፣ ሁለቱ ዋሻዎች የሚለያዩበት መገንጠያ ላይ ጣሪያው ተናደና የሁለቱንም አፍ ደፈነው።

በላይኛው ዋሻ አራት ሰው ቀረ። አባ ምሰሶ አንዱ ነው። ሁለተኛው ባለፈረሱ፣ የከሰል ፉርጎ በፈረስ የሚያስጎትት ጎልማሳ፤ ፈረሱ ከናዳው ሥር ቀርቶበታል። ሚስቱ ከወለደች አሥራ አንድ ቀኗ ነው፤ ሕፃኑ ስም እንኳ አልወጣለትም። ሦስተኛው ጢሞ የሚባል ቆፋሪ፣ ክንዱ ተሰብሮ ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠ፣ በደህናውም ቀን ቃል የማይወጣው ሰው። አራተኛው ጋዜጣው ነው። ካገኘው ጋዜጣ ላይ በእረፍት ሰዓት ጮክ ብሎ ስለሚያነብላቸው ነው እንዲህ ያሉት። ድንጋይ ሆዱ ላይ አርፎበት ነበር። ጎትተው ቢያወጡትም ከወገቡ በታች አይሰማውም።

በታችኛው ደግሞ የአባ ምሰሶ ልጅ፣ ረጅሙ የሚሉት ጓደኛውና ፓምፔ ነበሩ። ፓምፔ ውሃ መሳቢያውን ፓምፕ የሚጠብቅ ላጤ ነው፤ ቀልዱን ያልቀመሰ የጉድጓዱ ሰው የለም። «አባ ምሰሶ የሞተ ቀን የሬሳ ሳጥኑን ራሴ ካልሠራሁ ብሎ ይነሳል» ያለው እሱ ነው፤ አባ ምሰሶም ሲሰማ ሳምንት ሙሉ ስቋል። አሁን ፓምፑ ቆሟል። ታች ውሃው እየሞላ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

የቆጠራው ሕግ ከአባ ምሰሶ አባት ዘመን የመጣ ነው። ላይኛው ዋሻ መጀመሪያ ይመታል፣ ታችኛው ይከተላል። ለእያንዳንዱ ነፍስ አንድ ምት፤ ለሞተ አይመታም። ቆፋሪዎቹ መገንጠያው ላይ ሲደርሱ ጥሪው ሁለት ጊዜ ይደገማል፤ የመጨረሻ ቁጥራችሁን ስጡ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የተመታ አይቆጠርም፤ ሰው ሲጨንቀው የማይመታው የለምና። ቦታው ጠባብ ስለሆነ የሚቆፈረው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ የሚቀድመው ብዙ ሰው ያለበት ነው። እኩል ከሆኑ ታችኛው ይቀድማል፤ ውሃ አይጠብቅማ። በቁጥር የዋሸ ሰው ዳግመኛ ጉድጓድ አይወርድም፣ ሸለቆው ውስጥም ሰላም የሚለው አያገኝም። ሕጉ የከረረ ነው። ያወጡት ግን ለሁለት ሬሳ ሲቆፍሩ ውለው አምስት ሰው በሕይወት ሳለ ያጡ ሰዎች ናቸው።

ጋዜጣው ትንሽ ቆይቶ ውሃ ጠየቀ። አባ ምሰሶ ከግድግዳው የሚንጠባጠበውን በባርኔጣው አጠራቅሞ ከንፈሩን አረጠበለት።

«ስለ እኛ ይጽፉ ይሆን?» አለ ጋዜጣው።

«ለምን አይጽፉም፤ በትልቁ ነው የሚጽፉት።»

«ቁጥሩን ይሳሳታሉ» አለ ጋዜጣው። «ሁልጊዜ ቁጥር ላይ ነው የሚሳሳቱት። እርስዎ ያስተካክሉላቸው፣ አባ።»

«እሺ፣ አስተካክላለሁ።»

ከዚያ በኋላ አልተናገረም። አባ ምሰሶ እጁን ይዞት ቆየ። እጁ ሲከብደው ፋኖሷን ለኮሰ። ነበልባሏ ከትናንቱ በግማሽ አንሳለች፤ አየሩ እያለቀ ነው። በዚያች ብርሃን የጋዜጣውን ዓይን ከደነና መልሶ አጠፋት።

«አረፈ?» አለ ባለፈረሱ።

«አረፈ።»

ጢሞ ከተቀመጠበት አንድ ነገር አጉተመተመ፤ ጸሎት ይሁን እርግማን አልለየም። ከናዳው ማዶ የዶማው ድምፅ ቀርቧል። የሚቀጥለው ጥሪ የመጨረሻው እንደሚሆን ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም ነበር።

«አባ» አለ ባለፈረሱ፤ እየተሳበ አጠገቡ መጣ። «ሲሞት ከኛ ሌላ ያየ የለም።»

«ምን ልትል ነው?»

«ያውቁታል። አራት ይምቱ። አራት ካልን ወደኛ ይመጣሉ። ሦስት ካልን ከታችኞቹ ጋር እኩል ነን፤ እኩል ከሆንን ወደ እነሱ ይሄዳሉ። እነሱን አውጥተው እስኪመለሱ እኛ አልቀናል። ፋኖሷን አላዩዋትም?»

«ለሞተ አይመታም።»

«ይህን ሕግ አሁን ነው የሚያስተምሩኝ? ልጄን እኮ አንድ ጊዜ ነው ያቀፍኩት! ገና ዓይኑን እንኳ በደንብ አልገለጠም!»

«ታችም ሰው ነው ያለው።»

«ታች ያለውማ ልጅዎ ነው!» አለ ባለፈረሱ። «እሱ እዚያ ባይኖር እንዲህ ቆፍጠን ብለው ሕግ ይነግሩኝ ነበር? ይማሉልኝ እስቲ።»

አባ ምሰሶ ሊምል አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቁጥር ዋሽቶ አያውቅም፤ ሁለት ጊዜ ተቀብሮ ሁለት ጊዜ እውነቱን መትቷል። ዛሬ ግን እውነቱ ልጁን የሚያወጣ እውነት ሆነበት። ሦስት ልምታ ያለው ሦስት ስለሆኑ ነው ወይስ ልጁ ስለሆነ? ተጋግሮ እንደተጣበቀ ከሰል ሁለቱ አንድ ሆነውበት መለየት አቃተው። ልጄ ይውጣልኝ እያለ ልቡ ሲጮህ በጆሮው ይሰማው ነበር። አፈረ።

«እንካ» አለ በመጨረሻ፤ የባለፈረሱን እጅ በጨለማው ውስጥ ፈልጎ መዶሻውን አኖረበት። «እኔ ራሴን አላመንኩትም። አንተ ምታ። ስንት እንደምትመታ አልነግርህም። ግን ስትመታ አንድ እጅህን ጋዜጣው ደረት ላይ አድርግ።»

ባለፈረሱ መዶሻውን ይዞ ወደ ቧንቧው ተሳበ። ግራ እጁን ወደ ጋዜጣው ሲዘረጋ የሟቹ ኮት ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። የኮቱ ኪስ ውስጥ የታጠፈ ጋዜጣ ነበር። ከዚያ ጎልማሳው እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቅ ጀመር።

«አልቻልኩም» አለ። «እጄ አልታዘዝ አለኝ። ይቀበሉኝ፣ አባ።»

አባ ምሰሶ መዶሻውን ሲቀበለው ቧንቧው ተንቀጨቀጨ። ቆመ። እንደገና ተንቀጨቀጨ። ሁለት ጊዜ።

መታ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

አራተኛውን የሚጠብቅ የመሰለ ጸጥታ ሆነ። አባ ምሰሶ ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጥፎ ልጁን ጠበቀ።

አንድ።

ትንሽ ቆየ። ያቺ ማመንታት፣ ያቺ የልጅነት ፍርሃት። ሁለት።

አባ ምሰሶ ሦስተኛዋን ጠበቀ። አልመጣችም። ልትመጣም አልነበረም፤ የዘገየችው ሁለተኛዋ ናት፤ የመጨረሻዋ እሷ ነበረች ማለት ነው።

«ሁለት» አለ። «አንዱ ሞቷል።»

ልጁ እንዳልሆነ እጁ መስክሮለታል። ደስታ ሽቅብ ሲመጣበት ተሰማውና ራሱን ጠላ፤ ከረጅሙና ከፓምፔ አንዱ የሰው ልጅ ሞቶ እሱ ደስ ይለዋል። ወዲያው ደግሞ ነገሩ ገባው። ሦስት ለሁለት ነው። የሚመጡት ወደ እነሱ ነው። ልጁ ውሃ ውስጥ ይቆያል።

ባለፈረሱ እጁን ፈልጎ ያዘው። «ይቅር ይበሉኝ፣ አባ። አራት ቢሉ ኖሮ ዕድሜ ልኬን እየከነከነኝ እኖር ነበር። ይኸው እውነቱን ተናግረንም ልንወጣ ነው።»

«ይቅር ለፈጣሪ» አለ አባ ምሰሶ።

ናዳውን ሰብረው ሲገቡ ሦስት ሰዓት ያህል አልፎ ነበር። መጀመሪያ የዶማ ጫፍ፣ ከዚያ የፋኖስ ብርሃን፣ ከዚያ የጉድጓዱ አለቃ ሸበቶ ራስ ብቅ አለ። አለቃው ሰንሰለት ያላት የኪስ ሰዓቱንና የቆጠራ ደብተሩን ከእጁ የማይለይ፣ ፊሽካው አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ነው። ሦስቱን አንድ በአንድ ዳሰሳቸው። ጋዜጣው ዘንድ ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ቃሬዛ አምጡ» አለ። «እናንተ ወደ ላይ ውጡ። አባ ምሰሶ፣ እርስዎም።»

«ልጄ ታች ነው፣ አለቃ።»

«አውቃለሁ። ስለዚህም ነው ውጡ የምለው።»

«መንገዱን ማን ይደግፍላችኋል? ግንድ የሚያቆም ሰው አለህ?»

አለቃው ወደ ጎን ብሎ አሳለፈው። ጢሞን አወጡት። ባለፈረሱ ግን ሕፃኑ ውጭ ሆኖ ሳለ፣ ሚስቱም ከጉድጓዱ አፍ ቆማ እንደምትጠብቅ ነግረውት ሳለ፣ ከአንዱ ቆፋሪ እጅ አካፋ ወስዶ አባ ምሰሶን ተከተለ።

ወደ ታች ሁለት ሰዓት ቆፈሩ። አባ ምሰሶ ግንዱን እያቆመ፣ ሽብልቁን እየመታ፣ በየመሃሉ ቧንቧውን በመዳፉ ይዳስስ ነበር። ምንም አይሰማም። የመጨረሻው ድንጋይ ሲነሳ ጥቁር ውሃ እስከ ጉልበታቸው ገንፍሎ ወጣባቸው።

የፋኖሱ ብርሃን ፓምፑ ከተተከለበት የድንጋይ መደብ ላይ አረፈ። ልጁና ረጅሙ እዚያ ላይ ቆመዋል፤ ውሃው ደረታቸው ድረስ ነው። መካከላቸው ፓምፔን በብብቱ ይዘውታል። ራሱ የልጁ ትከሻ ላይ ወድቋል።

አባ ምሰሶ ውሃውን እየሰነጠቀ ደረሰ። ልጁን አንገቱን አቅፎ ሳመው፤ አገጩ ላይ፣ ግንባሩ ላይ፣ ያገኘው ቦታ ላይ። ልጁ ከንፈሩን አባቱ ጆሮ ላይ አደረገ።

«አራት ነበራችሁ፤ ሦስት ሆናችሁ» አለ በሹክሹክታ። «ቀጥሎ አንተ መሰልከኝ፣ አባዬ። ቀድመው ወደ አንተ ይምጡ ብዬ...»

የአባ ምሰሶ እጅ ልጁ ጀርባ ላይ እንዳለ ደነዘዘ።

አለቃው በዚህ መካከል መደቡ ላይ ወጥቶ እጁን ከፓምፔ ብብት ሥር አስገብቶ ነበር። ቆየ። ፊቱ ተለወጠ።

«ይህ ሰው ገና ትኩስ ነው» አለ። «ከሞተ ግማሽ ሰዓት አልሞላውም።»

አለቃው ደብተሩን ከባርኔጣው ሥር አውጥቶ ወደ ፋኖሱ አስጠጋው።

«በመጨረሻው ጥሪ ከዚህ የመጣልኝ ሁለት ነው። ሁለት ብዬ ጽፌያለሁ። ሦስት ከነበራችሁ እኩል ነበራችሁ፤ እኩል ከሆናችሁ ወደዚህ ነበር የምንመጣው። ሰውየውም አይሞትም ነበር። ማነው የመታው?»

ረጅሙ ውሃውን አየ። ልጁ ግን አለቃውን አልነበረም የሚያየው። አባቱን ነበር የሚያየው፤ በስድስት ዓመቱ ጣቱን ሲቀጠቅጥ ያየው በነበረው ዓይን።

አባ ምሰሶ ፓምፔን ተመለከተ። አፉ ትንሽ ከፈት ብሏል፤ አንድ ቀልድ ሊጀምር ያሰበ ይመስላል። ይህ ሰው የሞተው በእሱ ምክንያት ነው። ልጁን አድነኝ ብሎ አልጠየቀም፣ አልለመነም፤ ሆኖም በእሱ ነው።

«ሦስት ነው የመቱት» አለ።

አለቃው ዞረ። «ምን አሉ?»

«ሦስት ነው። ቧንቧው ከታች ውሃ ገብቶበት የመጨረሻዋን ውጦባችሁ ነው እንጂ፣ እኛ ዘንድ መጥታለች። ሰምቻታለሁ።»

«አባ ምሰሶ» አለ አለቃው ቀስ ብሎ፣ «እርስዎ በቁጥር እንደማይቀልዱ ሸለቆው በሙሉ ያውቃል።»

«አልቀለድኩም።»

አለቃው ብርሃኑን ከኋላ አካፋ ተደግፎ ወደቆመው ሰው አዞረ። «አንተስ? አብረኸው ነበርክ። ስንት ሰማህ?»

ባለፈረሱ ልጁን አየ፤ ፓምፔን አየ። ከዚያ አባ ምሰሶን አየው። አባ ምሰሶ ያንን ዓይን መሸከም አቅቶት አንገቱን ደፋ። አንድ እጅህን ጋዜጣው ደረት ላይ አድርግ ያለው እኮ እሱ ነው። አሁን ባለፈረሱ አንዲት ቃል ቢናገር ልጁ አለቀለት፤ ቢናገርም እውነት ነው፤ የሚወቅሰው የለም።

«ሦስት» አለ ባለፈረሱ። «የመጨረሻዋ ዘግይታ ነው የመጣችው።»

አለቃው በእርጥብ አውራ ጣቱ የጻፈውን ፈተገና ከኪሱ የእርሳስ ቁራጭ አውጥቶ ሦስት ብሎ ጻፈ። «ቧንቧው መቀየር አለበት» አለ ለራሱ፤ ቃሬዛ ሊያስመጣም ሄደ።

ባለፈረሱ ውሃውን አቋርጦ መጣ። ልጁን አላናገረውም። አባ ምሰሶ ፊት ቆሞ እጁን ዘረጋ።

«መዶሻውን ይስጡኝ፣ አባ። ከእንግዲህ ቁጥር አይመቱበትም።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻል ነበር። አባ ምሰሶ ከቀበቶው መዝዞ ሰጠው። ባለፈረሱ ተቀብሎ በራሱ ቀበቶ ሻጠውና መንገዱን ሊያበራ ፋኖሱን አነሳ። ከዚያ ቃሬዛውን ሳይጠብቁ አባትየው የፓምፔን እግር፣ ልጅየው ራሱን ይዘው፣ እየተደነቃቀፉ ሽቅብ ወጡ።